አዲስ ነፍስ ለጋሼ መልካሙ ስልክ

ኅዳር 4
ከባድ ሐዘን። የአጎቴ የጋሼ መልካሙ ስልክ ለረጅም ጊዜ በሕመም ሲሰቃይ ቆይቶ ዛሬ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አረፈ። ገዳዩ እኔ ነኝ። ግን ይነሣል...

አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ ቆይቷል። የራሴን ስልክ ውስጡን አጥቤ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኜበት እንደ ፌንጣ ይዘላል። ለጋሼም የማደርገው ያንኑ ነው።

"አንተ ከስምንተኛ ክፍል ያመለጥክ፣ ታውቀዋለህ?"
"ስልኩም አልተማረም፣ ጋሼ።"

ኅዳር 5
ስክሪኑ ጥቁር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጥቁር። ጸለይኩ? ትንሽ።
ማምሻውን ነፍስ ዘራ!

ኅዳር 6
አስረከብኩ። "ምን አበላኸው?" አሉኝ።

ነገ ጋሼ ለወንድሜ ለይሻው ሽማግሌ ሆነው ወደ ገሳይ ከተማ ይሄዳሉ፤ ብርቱካንን ሊጠይቁለት። ሌሎቹን ሁለት ሽማግሎች ከየቤታቸው በመኪና የሚያነሱት እሳቸው ናቸው። ቀጠሮው ጠዋት አንድ ሰዓት። አባቷ አቶ ፈንታሁን ደግሞ ከዚህ በፊት ሁለት ጠያቂ መልሰዋል። ይሻው እህል አልወርድ ብሎታል። ድርሻውን እኔ እየበላሁለት ነው።

ኅዳር 7
አለቅን።

ጋሼ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ላይ ዶሮ ሲጮህ ነቅተው ስልኩን አዩ። "አምስት ሰዓት" ይላል። ዶሮውን "አንተ ደግሞ ምን ነካህ?" ብለው ተመልሰው ተኙ።

ድሮ ስልካቸው ላይ የሀበሻ ሰዓት በእጃቸው ሞልተው ነበር። አዲሱ ሲስተም ከኔትወርክ የፈረንጁን ይወስዳል። ማስተካከል... ረሳሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ ይሻው በሩን ሊሰብር ደረሰ።
"ጋሼ! ሰው እየጠበቀ ነው!"
"ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት? ጤናህ ነው?"
መስኮቱን ከፈቱ። ፀሐይ።

ገሳይ የደረሱት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ይህን ስጽፍ ገና አልተመለሱም። ይሻው ቀና ብሎም አላየኝ። ብርቱካንን ቢያጣ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ምን እለዋለሁ?

ኅዳር 8
ብርቱካን ለይሻው ደውላለት ነበር። አባቷ እንደ ወጉ "እንመካከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ሊሉ ተዘጋጅተው ነበር አሉ። አንድ ሰዓት ሆነ፤ የለም። ሁለት። ሦስት። ደጅ ቆመው "ልጄን ናቋት ማለት ነው?" እያሉ ሲንቆራጠጡ ሽማግሎቹ ብቅ። ገና ሳይቀመጡ "ሰጥቻለሁ!" አሏቸው።

በአንድ ጉዞ! ማን ሰምቶ ያውቃል?

ኅዳር 12
ሰርጉ ጥር 17 ተባለ። ጋሼ በየሄዱበት "ሽማግሌ ትንሽ ማስጠበቅ አለበት፤ ጥበብ ነው" ይላሉ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣
"አይደለም እንዴ?"
"ነው፣ ጋሼ።"

ሰዓቱን በድብቅ አስተካከልኩት። ነገሩ ሲጨመቅ አንድ ሽማግሌ አረፈዱ፣ አንድ ጎረምሳ ሚስት አገኘ። ለዚህች ሦስት ገጽ ፈጀሁ።