ጢጥ ጢጥ የምትለው መኪናችን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሬዝ፤ ሆባርት።

እንደምን ከርመሃል ወንድምዬ? ኢንግሪድስ ደኅና ናት? ያ ወገቧን የሚይዛት ነገር ተሻላት? ትንሹ ኦቲስ ጥርሱን አበቀለ ወይስ አሁንም ጣቱን እየበላ ነው? እናንተ ጋ፣ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ፣ ብርዱ እየገባ ይሆናል፤ እኛ ጋ ገና አሁን ወጣልን። እኔ ደኅና ነኝ። እማዬ ደኅና ናት። ብስኩት እንኳ ደኅና ነው፤ ውሻ መሆኑ እስኪያጠራጥር ከመወፈሩ በቀር። ስለ አባዬ ግን እንዲሁ ደኅና ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ የምጽፍልህም ለዚያ ነው። አትደንግጥ፣ አልጋ ላይ አልዋለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ታገኘዋለህ፤ ደግሞ ዘለህ እንዳታነብ፣ አመልህን አውቀዋለሁ። የእኔንም አመል ታውቃለህ፣ ቁጭ ብሎ መጻፍ ለእኔ ቅጣት ነው። ይህችን ታህል እስክጽፍ ሻይ ጥጄ ረስቼዋለሁ፣ ውሻውን አስወጥቼ አስገብቼዋለሁ፣ ምንም ሥራ ሳይኖረኝ ጋራዡን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ።

አንተና አባዬ ጋራዥ ውስጥ መገጣጠም የጀመራችኋት መኪና አልቃለች። አዎ፣ ያቺው በአሮጌ አንሶላ ተሸፍና የቀረችው። ሻንሲዋንና ሞተሯን እናንተ ጨርሳችሁ ስለነበር ለእኔ የተረፈኝ የኤሌክትሪኩ ሥራ ነው። አባዬ ከአሮጌ መኪና ፈትቶ ያስቀመጠውን የሽቦ ጉንጉን ሳየው አንገሸገሸኝ። አውጥቼ ጣልኩትና በምትኩ ማይክሮኮንትሮለር የሚሏትን፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል ኮምፒውተር አስገባሁ። ሰው በትርፍ ጊዜው አሻንጉሊትና የአትክልት ማጠጫ የሚሠራባት ናት። የምትፈልገውን ትጽፍላታለህ፣ እሷ ታዛለች፤ ፍሬቻውንም፣ የዝናብ መጥረጊያውንም፣ የፍጥነት መለኪያውንም።

አባዬ መጀመሪያ ሲያያት ከንፈሩን ጣለ። «መኪና ማሰብ ከጀመረች ማኩረፍም ትጀምራለች» አለኝ። እውነትም አኮረፈች። ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ባዞርኩ ቁጥር የባትሪው ኃይል ወደዚያ ይሄድና ትንሿ ኮምፒውተር ራሷን ትስታለች፤ ስትነቃ ደግሞ የት እንዳለች አታውቅም፣ ፀሐይ ላይ መጥረጊያውን ታወዛውዛለች። መኪና ገጣጣሚዎቹ ማኅበር ውስጥ ያለው ኔቪል ይህን ሊያይ መጥቶ እየሳቀ፣ «ማርጎ ሙች፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ የገና ዛፍ?» አለኝ። እኔም፣ «ያንተዋ መቼ ተነሥታ ነው የእኔን የምታማው?» ብዬ አፉን አስያዝኩት። በኋላ ለብቻዋ ትንሽ የኃይል ማጠራቀሚያ ሠራሁላትና ልብ ገዛች።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። አባዬ ከትንሿ ኮምፒውተር ጋር ታረቀ። አንድ ቀን ሻዩን ይዞ ጋራዥ ገባና፣ «ይቺ ልጅሽ ድምፅ ማውጣት ትችላለች?» አለኝ። ትችላለች አልኩት። «እንግዲያው ፍሬቻው ሲበራ ጢጥ ጢጥ ትበል፤ አብርቼ እየረሳሁት ነው።» አደረግኩለት። ቀጥሎ የሞተሩ ዘይት ሲጎድል ወፍራም ድምፅ ፈለገ። ቀጥሎ ነዳጅ። ቀጥሎ ደግሞ ፍጥነቱ በየአሥር ማይሉ ሲጨምር አንድ ጢጥ፣ ከሠላሳ ሲያልፍ ሁለት። እኔ ሞኟ ደስታዬን አልቻልኩትም። ዕድሜውን ሁሉ በድሮው የመኪና ኤሌክትሪክ፣ በፊውዝና በሪሌ የማለ ሰው በመጨረሻ የእኔን ሥራ ወደደልኝ ብዬ፣ እሱ አንድ ሲጠይቅ እኔ ሁለት እየጨመርኩ መኪናዋን የወፍ ቤት አደረግኳት። እማዬ ግን ስለ ድምፆቹ ስነግራት ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ታዞራለች።

የገባኝ መጋቢት ላይ ነው። የዘይቱን መብራት ልሞክር ብዬ አበራሁት፤ ዳሽቦርዱ መሐል ያለው ቀዩ፣ ቲማቲም የሚያክለው። አባዬ ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ «በራ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ፣ ዶሮ መሬት ላይ ያለ ጥሬ እንደምታይ በአንድ ዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየና፣ «አዎ፣ በርቷል» አለ። ያኔ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣልኝ። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ ነው የሚያነሣው። ገበያ የምትነዳው እማዬ ናት፤ «ጉልበቴን ያመኛል» እያለ እሱ ከጎን ይቀመጣል። ጋሬዝ፣ አባዬ የሚያየው ዳር ዳሩን ነው። የዓይኑ መሐል ጠፍቷል።

አሁን ያንን ወር አስበው። ሐምሌ ላይ ስትመጣ በራሷ በመኪናችን ላድሎ ባቡር ጣቢያ እቀበልሃለሁ ብሎ ነግሮሃል አይደል? እማዬ ጎን ቆሜ ስልኩን ሰምቻለሁ። እነዚያን ጠባብ መንገዶች ታውቃቸዋለህ፤ ግራና ቀኝ አጥር፣ መታጠፊያው ላይ ትራክተር ወይ ፈረስ የምትጋልብ ልጅ። ሰውዬው ሳያይ ሊነዳ ነው፤ የሚነዳበትን ጆሮ ደግሞ በገዛ እጄ ሠርቼለታለሁ ብዬ አበድኩ። ማንንም ልጠይቅ አልደፈርኩም። ጠይቄው አዎ ቢለኝስ? መቀመጥ አቃተኝ፣ መብላት አቃተኝ። ቤቱን ስዞር እማዬ፣ «ምንጣፉን ጨረሽው እኮ» እስክትለኝ ድረስ።

ታርጋ ከመሰጠቱ በፊት ያለውን የመንግሥት ምርመራ ወደቅን። ስወድቅ ደስ ያለኝ በሕይወቴ ያኔ ነው። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ መኪና ተበላሽታ መንገድ ዳር ስትቆም አራቱ ፍሬቻዎች ቁልፉ ተነቅሎም ቢሆን መብራት አለባቸው፣ እኔ ደግሞ ትንሿን ኮምፒውተር ኃይል የምሰጣት በቁልፉ በኩል ነበር። መርማሪው ቁልፉን ሲነቅል ፍሬቻዎቹ ጠፉና፣ «እህቴ፣ መኪናሽ ብልህ ናት፤ ምን ዋጋ አለው፣ በጣም በሚያስፈልግሽ ሰዓት ትተኛለች» አለኝ።

ማስተካከያው አንዲት ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ መሳብ ነው። ሻይ ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ። እኔ ግን አንዴ ድምፁን እቀይራለሁ፣ አንዴ ሽቦውን በሌላ በኩል አዞራለሁ፣ አንዴ የተጻፈላትን ሁሉ ደምስሼ ከመጀመሪያው እጽፋለሁ፤ ሐምሌ ሳልጨርሳት እንዲደርስ። በመጨረሻ አባዬ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ሽቦ ነው የቀረሽ። ምን ነካሽ?» ብሎ ጮኸ። ሽቦዋን ሳብኳት። አለፍን፤ ታርጋውም መጣ።

ባለፈው ቅዳሜ አባዬ ያንን ቡናማ ኮፍያውን አድርጎ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወጣ። ጋራዡ በር ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩበት። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ አንዱም አልመጣም። «አባዬ፣ አትነዳም!» ብቻ አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ተሰበረ። «ማን እነዳለሁ አለሽ? መንጃ ፈቃዴን የገና በዓል ሳይደርስ መልሻለሁ፤ ፖስታ ቤት ያስገባችው እናትሽ ናት» አለኝ። ቁልፉን ወረወረልኝ። ከዚያ በእጁ የመኪናዋን ጎን እየዳሰሰ ዞሮ በግራ፣ በተሳፋሪው በኩል ገባ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ጢጥ ጢጥ ለምንድን ነው?» አልኩት፤ ተናድጄም፣ እያለቀስኩም። «መሪው ቢቀርብኝም መኪናዬ ምን እያደረገች እንዳለች ማወቅ አለብኝ። እንደ ድንች ጆንያ ተጭኜ መሄድ አልፈልግም» አለ። ለምን አልነገርከኝም ስለው ደግሞ፣ «ነግሬሽ ቢሆን በሐዘኔታ ትሠሪው ነበር። በደስታ ስትሠሪው መስማት ፈለግኩ» አለኝ።

ነዳሁ። በኮረብታው ሥር ስንሄድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ «ሠላሳ አለፍሽ። ቀስ። ፍሬቻሽን አላጠፋሽም» ይለኛል። ልክ ነበር፣ አላጠፋሁም። ደስታው ፊቱ ላይ ሲፈስ አየሁና ዕንባዬ ዓይኔን ሞላው። አንዳችን እንኳ ማየት ስለነበረብን ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ቁልፉን ነቀልኩ፣ አራቱን ፍሬቻዎች አበራሁ። አራቱም በሩ፤ ጢጥ ጢጥም አሉ። አባዬ አዳመጠና፣ «ያቺ ሽቦ በደንብ ተስባለች» አለ። እዚያው ቆየን።

ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ ጨርሶም አይጨልምም ብሏል። አባዬ ይህን አንተ እንድታውቅ ይፈልጋል፤ «ግን አንቺ ጻፊለት» አለኝ። «በስልክ ከነገርነው ድምፁ ሲለወጥ እሰማዋለሁ። አሁን ጆሮዬ ምንም አያመልጠውም፤ ያንን ግን መስማት አልፈልግም።»

ጣቢያው ላይ ሁለታችንም እንጠብቅሃለን። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ስላላት ቁልፉን እሰጥህና እኔ ሻንጣህን ይዤ በአውቶቡስ እመለሳለሁ፤ አንተ ትነዳለህ፣ አባዬ ከጎንህ ይቀመጣል። በፍጥነት ስትሄድ ቢቆጣህ ዝም ብለህ ስማው። እስከዚያ እጄ አላርፍ ብሎ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ለመግጠም እያሰብኩ ነው፣ እማዬ ግን ከዚህ በኋላ ከነካካሻት ወዮልሽ ብላኛለች።

ኢንግሪድን ሳሚልኝ፤ ወገቧን እንድትጠነቀቅ ንገራት። ኦቲስን ጉንጩን ንከስልኝ። እማዬን በጣም ናፍቀሃታል፣ የሹራብህን ልክ ላክልኝ ትላለች። ኔቪል መኪናው አሁንም አልተነሣችም፣ ግን ሰላም በሉልኝ ብሏል። ብስኩት እግሬ ሥር ተኝቶ ያንኮራፋል። አባዬ ሰላምታውን በራሱ አፍ ሊነግርህ እሑድ ስልክህን ይጠብቃል፤ እባክህ ወንድሜ፣ ከመደወልህ በፊት የምታለቅሰውን አልቅሰህ ጨርስ።

እህትህ ማርጎ
ላድሎ፣ ግንቦት 21 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.