ያተረፈኝ ግንደ ቆርቁር

ይድረስ ለልጄ ለእምነት፦

ቅዱስ ራጉኤል ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኔም ወንድምሽም ደህና ነን። ዛሬ የምነግርሽ ጉድ አለኝ።

አንድ ግንደ ቆርቁር ከመኝታ ክፍሌ መስኮት በላይ ያለውን የጣሪያ እንጨት ወር ሙሉ ሲቆረቁር፣ ቤቱን ሊያፈርስብኝ ነው ብዬ ተጨነቅሁ። ያንቺን አሮጌ ሲዲዎች በገመድ አንጠለጠልኩበት። ብልጭታው አንድ ቀን ቢያስደነግጠውም በማግስቱ ተመለሰ። ቅዳሜ ቀዳዳውን በቆርቆሮ እንዲሸፍንልኝ ከመሳለሚያ አናጢውን ማስረሻን ጠራሁት። መሰላል ላይ ወጥቶ እንጨቱን መታ መታ አደረገና፣ «እትዬ ጤናዬ፣ ዛሬውኑ አልጋዎን ከዚህ ያውጡ። ወፉ የሚለቅመው ምስጥ ነው» አለኝ። ጣሪያውን የተሸከመውን ወራጅ ሲነካው እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ልክ ከራስጌዬ በላይ እኮ ነው፣ ልጄ።

አሁን አዲስ ወራጅ ገብቷል፣ የምስጥ መድኃኒትም ተቀብቷል። ወፉም የሚለቅመው ሲያጣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሄደልኝ። ከደስታዬ ብዛት ለሰፈሩ ሁሉ አውርቼም አልጠገብኩ።

ምሳሽን አትዝለዪ። ደግሞ አደራሽን፣ የተከራየሽውን ክፍል ጣሪያ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝና አይቼው እንቅልፍ ይውሰደኝ። መውጫ መግቢያሽን ያሳምርልሽ።

እናትሽ ጤናዬ