ሥራ ሲፈታ የሚንቀጠቀጥ እጅ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ትንሿስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን፤ ዛሬማ ከደህናም በላይ ነንና ሰላምታዬን ሳልጨርስ ወሬው እያመለጠኝ ነው።

የአባባ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ያልጻፍንልሽ እሱ ራሱ፣ ሰው አገር ያለችን ልጅ አታስጨንቁ ብሎ ከልክሎን ነው። ደንበኛ ሲመጣ እጁን ኪሱ ይከታል፤ ሲቀመጥ ከጭኑ ሥር ይደብቀዋል። አክስታችንን ታውቂያታለሽ፤ ሻይ ስትቀዳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ነው። አባባም እንደ እህቴ ልሆን ነው፣ የሰው ጨርቅ ከማበላሽ በክብር ልተው አለና የስፌት መኪናውን ሸፈነው። ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ።

ትናንት በስንት ልመና ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ግን አትቸኩልም። እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ከመቶ ወደ ኋላ እንዲቆጥር አደረገችው። ወዲያው ቀኝ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ክር እንደሚያፍተለትል ሰው ይተሻሹ ጀመር። እጅዎን ይዘርጉ አለችው፤ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ውኃ የሞላ ብርጭቆ ሲያነሣ ግን ጠብ ያለ ነገር የለም።

ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ ሕመም መሆኑን አልደበቀችንም። ነገር ግን መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ አይደለም አለች። የአባባ እጅ ሲያርፍ የሚመጣ፣ ሲሠራ የሚቀንስ ነው፤ ተዘርግቶ ሲቆይ የሚመለሰውም የዚያው ወገን ነው። ሲንቀሳቀሱ የሚንቀጠቀጡ የፓርኪንሰን ሕመምተኞችም አሉ። የአክስታችን ግን ዕቃ ሲይዙ የሚብስ፣ በዘርም የሚወርድ ሌላ ሕመም ሳይሆን አይቀርም፤ አምጧትና ልያት ብላለች።

አባባ ይህን ሰማና፣ እጄም እንደኔ ሥራ ሲፈታ ነው የሚነጫነጨው በሉኛ አለ። ሐኪሟ ሳቀች። መድኃኒት አዘዘችለት፤ ሕመሙ እንደማይጠፋ፣ ወደፊትም ሊለወጥ እንደሚችል ነገረችው፤ መኪናውን ግን ይግለጡት አለችው።

እቤት እንደገባን ኮቱን ሳያወልቅ ገለጠው። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በአንድ ሙከራ አሾለከው። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዛሬ የጎረቤታችንን የሸሚዝ አንገትጌ ሲቀይር ዋለ፤ ባረፈ ቁጥር እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም ኪሱ አይከተውም።

እማማ ዓይንሽን ትስማለች። አክስታችንም ሰላም ብላሻለች፤ ሐኪም ቤት ለመሄድ ጫማዋን አስጠርጋለች። ባለቤትሽን በርታ በይልኝ። ትንሿን ደግሞ ሳሚያትና የትከሻዋንና የቁመቷን ልክ ቶሎ ላኪ፤ አባባ ቀሚሷን ልቁረጥ ብሎ መቀሱን ይዞ ተቀምጧል።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአባባ ስፌት ቤት፣ ግንቦት 9 ቀን