ክፍል ሁለት ነው ብያለሁ

ረቡዕ፣ መጋቢት 12 ቀን

ቀጮዬ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ?

ልብህ እንዳይሰቀል ቀድሜ የምሥራቹን ልንገርህ። ትናንት ሐኪሙ ወረቀቱን ገልጦ አየና «ጉሮሮዎ ንጹህ ነው፤ የቀረ ነገር የለም» አለኝ። ድገመው አልኩት፤ ደገመው። «ሦስተኛ ጊዜ ግን አልልም» ብሎ ሳቀ። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ደረቴን ሞልቼ የተነፈስኩት ያኔ ነው። ድምፄ ግን እንደ ድሮው አይመለስም። ሃያ ሁለት ዓመት መናኸሪያ ውስጥ «የሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ ሊነሳ ነው» ስልበት የኖርኩት ድምፅ ሻክሮ ቀርቷል። ስልክ ላይ ቶሎ ስለሚደክመኝ ነው የምጽፍልህ።

አሁን ወደ እናንተ ጉድ ልምጣ። አንተና እህትህ በምትሠሩት የኮምፒውተር ጌም የተነሳ ከተኮራረፋችሁ አምስት ሳምንት ሆነ። አንተ እዚያ ሆነህ «አዲሱ ክፍል ሁለት ነው፤ ራሱን የቻለ ጌም ነው» ትላለህ። እሷ ደግሞ «ሐይቁም ያው፣ ጀልባውም ያው፤ በመጀመሪያው ላይ የሚቀጠል ማስፋፊያ ነው እንጂ ምን ሁለተኛ አለው» ትላለች። እኔ ሞኟ፣ ለስም ይሄን ያህል መነታረክ ምንድነው እያልኩ ስገረም ከረምኩ።

ቅዳሜ ዕለት የጌማችሁን ሥዕል የሚሠራው ሰዓሊያችሁ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳያስበው ምሥጢራችሁ አመለጠው። በመጀመሪያው ጌም ሰዎችን ሐይቁን የምታሻግረው ሴትዮ በኔ ድምፅ አይደል የምትናገረው? ማስፋፊያ ከሆነ ያችው ሴትዮ ናት፣ ድምፁም የኔ መሆን አለበት። ክፍል ሁለት ከሆነ ግን ሌላ ቀዛፊ ማምጣት ይቻላል። ለካ አንተ «እማዬን አታድክሚያት» ብለህ ኖሯል፤ እሷም «እማዬ እያለች በቦታዋ ሌላ ሰው አላስቀምጥም» ብላ። ለኔ ብላችሁ እየተጣላችሁ ከኔው ትደብቃላችሁ!

ትናንት ከሐኪሙ እንደወጣሁ ቤት አልገባሁም። ወደ ማተሚያ ቤቱ ፎቅ የሚያወጣውን ደረጃ እያረፍኩ ወጣሁና ያችን በፍራሽ የተለበጠች ስቱዲዮአችሁን አንኳኳሁ።

«ማይኩን ክፈቺው» አልኳት እህትህን።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ምን አለ?»

«ድነሻል አለኝ። ክፈቺው።»

«ተሳፈሩ፣ ነፋሱ ሳይነሳ እንሻገር» አልኩ፣ ድሮ እንዳልኩት። የወጣው ግን መሃል ላይ የሚቆራረጥ፣ የሻከረ የአሮጊት ድምፅ ነው። እህትህ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ አለቀሰች። እዚያው ሲሠራ የነበረው ሰዓሊም ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አታልቅሺ፤ ይልቅ ስሚኝ» አልኳት። «ይቺ ሴትዮ ከመጀመሪያው ጌም ወዲህ ታማለች፣ አርጅታለች፣ ድናለች። ስንት ነገር አልፎባታል። ይሄ እንዴት ማስፋፊያ ይሆናል? ክፍል ሁለት ነው ብያለሁ።»

ማዳመጫውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «እንግዲያ እሱ ረታ ማለት ነው?» አለች።

«በስሙ እሱ፣ በሴትዮዋ አንቺ።»

እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ሳቀች።

ዛሬ ጌሙ ሲያልቅ የሚወጣውን የሠሪዎች ስም ዝርዝር አሳየችኝ። ያንተን ስም ከራሷ በላይ ጽፋዋለች። እንዳትነግሪው ብላኛለች፤ እንግዲህ አልሰማህም። ግን ደውልላት።

የረገጥክበት ይለምልምልህ፣ እጅህ የነካው ይቃናልህ፣ ክፉ አይንካህ ልጄ።

እናትህ

ውጤቱ ሳይመጣ የጻፍኩልህ ሌላ ደብዳቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከመሳቢያው አውጥቼ ቀደድኩት። ምን ይል ነበር ብለህ አትጠይቀኝ።