የአብራሪው ሰዓት

ሐሙስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2007

ትናንት ያጠብኩት ልብስ ዛሬም አልደረቀም። የእንጅባራ ብርድ!

አመሻሽ ላይ ወንድሜ ሽመክት ከጫግኒ ደወለ። የአባባን የእጅ ሰዓት ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎት ኖሯል። የድሮ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ ሊገዛው ይመጣል አለኝ።

"የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ሰዓት ነው እኮ! ክሮኖግራፍ ይሉታል። እንዲህ ያለው አሁን አይገኝም። የእህል መጋዘኔን እከፍትበታለሁ።"

አባባ አየር ኃይል ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ ሰዓቱ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። በጎኑ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ አንዱን ሲጫኑት ቀጭኗ ዘንግ መሮጥ ትጀምራለች። ልጆች ሳለን "ይጫኑልን" እያልን እናስቸግራቸው ነበር።

ስልኩን ሰጠኋቸው። አዳመጡ። "እንዳልክ" አሉና ዘጉት።

ለምን ቶሎ እሺ አሉ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሽመክት መጣ። ሰዓቱን ከአባባ እጅ ፈትቶ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። "ሰውየው ቅዳሜ እስኪመጣ እንዳይጫር" ብሎ።

አባባ ባዶ አንጓቸውን ሲያሹ ዋሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። አባባ ለንግሥ ብለው በማለዳ ወጡ። የተመለሱት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ምግብ ሳቀርብ "ጠግቤአለሁ" አሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የለም!

ሰብሳቢው ሳሎን ተቀምጦ ሽመክት ቁምሳጥኑን ከፈተ... ባዶ። ልብሱን ሁሉ አራገፍን። ሰውየው ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ሄደ።

ሽመክት ወደ እኔ ዞረ።

"ባልሽስ?"

"አዝመራው ምን ያደርግበታል?"

"የባጃጁን ጎማ በምን ሊቀይር ነው ታዲያ?"

አባባ ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። አይናገሩም።

ጎማው እውነትም አልቋል። አዝመራው ሰሞኑን "አታስቢ፣ መላ አለኝ" ብሎኝ ነበር። ምን መላ?

እግዜር ይቅር ይበለኝ... ከሥራ ገብቶ ጓሮ ሲታጠብ የጃኬቱን ኪስ ፈተሽኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል።

"አገኘሽው?" አለኝ።

ጃኬቱን ከእጄ ወስዶ ወጣ። ባጃጁ ሲነሳ ሰማሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ውጭ አደረ። ስልኩ ዝግ ነው። ሽመክት ፖሊስ ጋ እንሂድ ይላል።

አባባ ጠሩኝ። "አምሳለ፣ አዝመራው የት ሄደ?"

"እንጃ፣ አባባ። ሌባ ብለነው ሄደ።"

ፊታቸው ተለዋወጠ። "እኔ ነኝ የወሰድኩት።"

ለካ ዓርብ ንግሥ አልሄዱም። በሚኒባስ ዳንግላ ወርደው ሰዓቱን ለወይዘሮ የምሥራች ሰጥተዋል።

"ባሏ በዛብህ አብሮኝ ይበር ነበር። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ አንድ ጠዋት ልንነሳ ስንል የኔ ሰዓት ቆመብኝ። የራሱን ፈትቶ ሰጠኝ። 'ስንመለስ ትሰጠኛለህ' አለ። እኔ ተመለስኩ... እሱ ቀረ።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ታዲያ?"

"ፊቷን ማየት ፈራሁ። ሊሸጥ ነው ሲባል ግን ያ ባሰብኝ።"

"ምን አሉዎት?"

"ሰዓቱን ጆሮዋ ጋ አስጠግታ ቆየች። ከዚያ 'ምሳ ብላ' አለችኝ።"

"ትናንትናስ ለምን ዝም አሉ?"

"ወንድምሽ ሄዶ ይቀማታል ብዬ።"

ሽመክት ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። "እኔ? እቀማለሁ እንዴ፣ አባባ?" አለ።



ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አዝመራውን አዲስ ቅዳም ከተማ አገኘሁት፣ እህቱ ማናለብሽ ቤት። ባጃጁ ደጅ ቆሟል፣ ጎማው አዲስ። እህቱ ናት የገዛችለት። መላው ይሄ ነበር።

ለብቻው ላናግረው አስቤ ነበር። ተውኩት። እህቱ ፊት የአባባን ነገር ነገርኩት። ቀጥዬም "ሽመክት ቢናገርም ያመንኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ሽመክትማ ባዳ ነው" አለ። "አንቺ ግን..."

ማናለብሽ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አለቀስኩ፤ እሱ መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ ተነስቶ የባጃጁን ቁልፍ አነሳ።

"ሊመሽ ነው፤ ግቢ።"

ቤት ስንደርስ የአባባን ጉልበት ሳመ። ሽመክት ይቅርታ ሲጠይቀው እጁን ሰጠው።

እኔን... ገና ነው።