«አልሆነልኝም» ያሉ ዕለት

ለተከበሩ ጋሼ፣ ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፤

ሰላምዎ ይብዛ። እንቅልፍዎስ ተመለሰ? እኔ ተመስገን ነው፤ ዓይኔ ደከም ቢል እጄ ይጽፋል። ልጃችንም ደኅና ናት። «ልጃችን» ማለቴ ያለ ነገር አይደለም፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ የእህቴ አደራ ብለው ያስተማሯት እርስዎ ነዎት።

እውነቱን ልንገርዎ። ለሚሠሩበት ድርጅት መስክረው ፓተንቷን፣ የፈጠራ መብቷን፣ ሊያሰርዙባት ነው ሲባል ተቀይሜዎት ነበር። ለጸሎት ስቆም ስምዎን እየዘለልኩ ማለፍ ጀመርኩ። እግዜር ይህን መዝለሌን ሳያይ ይቀራል?

በችሎቱ ዕለት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ከክርክሩ ግማሹ አልገባኝም። የሠራችውን ግን አውቃለሁ፤ ቤት በሻይ ማንኪያ እያንጠባጠበች አሳይታኛለች። ቀለም የሚረጨውን ፕሪንተር ወስዳ፣ በቀለሙ ፈንታ የዲኤንኤን አራት ፊደላት የያዘ ፈሳሽ ሞልታ፣ መስታወት ላይ በየነጥቡ ጠብ ታደርጋለች። ፊደል በፊደል ላይ ይደረባል። በዚያች መስታወት የአንድ በሽተኛ ደም ስለ በሽታው ስንቱን ጥያቄ ባንዴ ይጠየቃል።

የእናንተ ጠበቃ፣ ያ ቀጭኑ፣ ፕሪንተሩም ፈሳሹም ድሮ ነበሩ፤ ሁለቱን ማገናኘት ለማንኛውም መካከለኛ ባለሙያ ግልጽ ነው፣ ግልጽ ለሆነ ነገር ደግሞ ፓተንት አይሰጥም አለ። ከዚያ ስለዚህ መካከለኛ ባለሙያ ሲከራከሩ ዋሉ። የተጻፈውን ሁሉ አንብቧል፣ የራሱ ሐሳብ ግን መጥቶለት አያውቅም ይላሉ። እኔ ሞኙ አሁን ይገባል ብዬ በሩን በሩን ሳይ፣ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሕጉ ያሰበው እንጂ የተወለደ ሰው አይደለም አለችኝ። «ሳይወለድ ይህን ያህል ካነበበ፣ ቢወለድማ!» ብላት አፏን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ እርስዎ ተጠሩ። እርስዎም ግልጽ ነው አሉ። የልጃችን ጠበቃ ድምጿን ሳታነሳ፣ ግልጽ ከነበረ ለምን ቀድመው አልሠሩትም ብላ ጠየቀችዎ። የድርጅትዎ አለቆች ፊት ለፊትዎ ተደርድረዋል። መነጽርዎን አወለቁ።

«ሞክሬ ነበር» አሉ። «ጠብታው እየተስፋፋ ከጎረቤቱ ጋር ይቀላቀልብኛል። ዓመታት ለፋሁ፤ አልሆነልኝም። እሷንም ተይው፣ የሚሆን ነገር አይደለም ብያት ነበር።»

ያን ጊዜ ልጃችንን አየኋት። የረታ ሰው ፊት አልነበራትም፤ እንባዋ ይወርድ ነበር። ተይው ማለትዎን እንጂ መሞከርዎን አታውቅም ነበርና።

ውሳኔው ገና ነው፤ እግዜር እንደፈቀደ ይሁን። እርስዎ ግን ከዚያ ወዲህ ሥራ አልገቡም ሲባል ሰማሁ፤ ስልክም አያነሱም። ያን የዘለልኩትን ስም አሁን ከሁሉ አስቀድሜ እጠራዋለሁ።

ትናንት ምሳዋን ላደርስላት ቤተ ሙከራ ሄድኩ። ከጠረጴዛዋ አጠገብ መደገፊያ ያለው ሌላ ወንበር አስገብታለች። ለማን ነው ብላት፣ ቀና ሳትል፣ «ጠብታው አንዳንዴ አሁንም ይስፋፋብኛል፤ የት እንደሚበላሽ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ጻፍላቸው ግን አላለችኝም።

ዕድሜውን ከጤና ጋር ያድልዎ፤ የከበደዎትን እሱ ያቅልልዎ።

ዛሬም የእህትዎ ባል