የበሩን ብረት አንስተው የተገደሉት ከፍተኛ ተቆጣጣሪያችን

የሕፃናት ማቆያና ቅድመ መደበኛ ትምህርት ደረጃዎች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ከፍተኛ ተቆጣጣሪ፣ ሁላችንም «እትዬ ዳዴ» የምንላቸው ባልደረባችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ሥራ ላይ እንዳሉ በብረት ተደብድበው ተገድለዋል። «ሕይወታቸው አለፈ» ብለን ልናለዝበው አንችልም። ጽሕፈት ቤታችን ጥልቅ ሐዘን ላይ ነው፤ ሐዘናችንም ቁጣ አለበት።

ቅጽል ስሙን በስላቅ ያወጡላቸው የማቆያ ባለቤቶች ናቸው። እንደ ሌሎቻችን በር ላይ ቆመው ክፍሉን በዓይን ገረፍ አድርገው አይመለሱም ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ወለሉ ላይ ዳዴ እያሉ ይገባሉ። የተላጠ ሽቦ፣ የሾለ ሚስማር፣ የፈላ ውኃ የተጣደበት ዝቅተኛ ምድጃ፣ ሁሉንም ያገኙት የልጅ ዓይን በሚደርስበት ከፍታ ነው። ከሳቁባቸው መካከል ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል።

ወደ ቁጥጥር ሥራ የመጡት በሞግዚትነት ለረጅም ጊዜ ካገለገሉ በኋላ ነው። ቁጥጥር በጀመሩበት ዓመት አንድ ማቆያ በእሳት ሲጋይ የኋላ በሩ በብረት ተቀርቅሮ ነበር፤ የሕፃናቱን አስከሬን ከበሩ ሥር ካነሱት ሰዎች አንዷ እሳቸው ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት ሕጋዊው መስፈርት ሲረቀቅ «ሕፃናት ባሉበት ክፍል የአደጋ ጊዜ መውጫ በር በማናቸውም ሰዓት አይቀረቀርም» የሚለውን አንቀጽ ተሟግተው አስገቡ። ይህን ሲያስፈጽሙ ውሻ ተለቆባቸዋል፣ በጥፊ ተመትተዋል፣ በድንጋይ ተፈንክተው ግንባራቸው ተሰፍቷል። በማግሥቱ ፋሻቸውን እንዳሰሩ ሥራ ገቡ።

በዚህ ዓመት የባለቤቶች ማኅበር «ልጆቹ እየወጡ አስቸገሩን» በማለት አንቀጹ እንዲሰረዝ ጠየቀ። ጥያቄው በታየበት ስብሰባ እትዬ ዳዴ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦ «ልጅ የሚጠበቀው በሰው ነው። ብረት ሞግዚት ሆኖ አያውቅም።» ውሳኔው ለዚህ ሳምንት ተቀጥሮ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሕፃናቱ ከምሳ በኋላ ተኝተው ሳለ፣ መውጫ በር በመቀርቀር ከዚህ ቀደም ወደተቀጣ ማቆያ ገቡ። የኋላ በሩ ላይ የተጋደመውን ብረት አንስተው ግድግዳ አስደገፉት፤ በሩንም ከፈቱት። ከዚያ ተንበርክከው ሶኬት መመርመር ያዙ። ባለቤቱ ያንኑ ብረት አንስቶ ከኋላቸው ጭንቅላታቸውን መታቸው። ደገማቸው። ደማቸው የሕፃናቱ ፍራሽ ላይ ተረጨ። የማቆያው ሞግዚት ለፖሊስ እንደተናገረችው፣ ልታነሳቸው ስትጎነበስ «እኔን ተዪኝ፣ ልጄ፤ ልጆቹን አውጪ!» አሏት። ሰውየው ብረቱን እያወዛወዘ ዋናው በር ላይ ቆሞ ስለነበር፣ ሕፃናቱ በሙሉ የወጡት እሳቸው በከፈቱት በር ነው። ሞግዚቷ ስትመለስ ደጃፉ ድረስ በዳዴ ደርሰው፣ በሩ እንዳይዘጋ ትከሻቸውን አስገብተው አገኘቻቸው። ሞተው ነበር።

ለትዳር አጋራቸው፣ ለሴት ልጃቸው፣ ለመላው ቤተሰባቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ሕፃናቱን ላወጣችው ሞግዚት ምስጋናችን ከልብ ነው።

አንቀጹ አይሰረዝም። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ተቆጣጣሪዎቻችን ሁሉ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁም ጭምር፣ በየማቆያው ጫማቸውን አውልቀው ዳዴ እያሉ ይገባሉ። በር የቀረቀራችሁ፣ ከአሁኑ ክፈቱ።